ለካፊያ የቆሙ ሽማግሌዎች

እኛ አገር ሁለት ሰው ብቻውን ተጣልቶ አያውቅም። ጠቡን የሚጀምሩት ሁለት ይሁኑ እንጂ ሦስተኛው ቃል ሳይወጣ ነገሩ የሰፈር ይሆናል። ባልና ሚስት ቢኳረፉ የንስሐ አባት ይመጣሉ። ወንድምና ወንድም በቡና መሬት ድንበር ቢካረሩ ጥላቸውን የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች ከተፍ ይላሉ። የአንዷ ዶሮ የሌላዋን ጎመን ብትለቅም እንኳ፣ ዶሮዋ የለቀመችውን ሳትውጥ አስታራቂ ደጅ ላይ ቆሟል። እኔ ሚዛን ተፈሪ ተወልጄ፣ እዚሁ ተድሬ፣ እዚሁ ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ ሳይጣላ የኖረ ሰው አይቼ ይሆናል፣ ተጣልቶ ሳይታረቅ የተተወ ሰው ግን አላየሁም። ማን ይተወዋል?

ደግሞ ልብ ብላችሁ እንደሆነ ሽማግሌ ጠብመንጃ የለውም፣ ፖሊስ የለውም፣ እስር ቤት የለውም። ያለው አንድ መሣሪያ ነው፤ አለመቀመጥ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ስትሏቸው "እሺ ሳትሉን አንቀመጥም" ይላሉ። ውሃ ስታቀርቡ "እሺ ሳትሉን አንቀምስም" ይላሉ። እንግዲህ የሰባ ዓመት ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ እያየ እምቢ የሚል ጨካኝ በእኛ ከተማ ገና አልተወለደም። ቢወለድም እናቱ ቀድማ እሺ ትልለታለች።

ይህን ሁሉ የማወራው የምታውቁትን ልነግራችሁ አይደለም። ሽማግሌ ለሰው ሲላክ አይታችኋል። ለወረቀት ሲላክ ግን አላያችሁም። እኔ አይቻለሁ፤ የተላከውም እኔው ቤት ነው።

ወረቀቷ ስም አላት፤ ካፊያ ትባላለች። ወላጇ ልጄ ሰናይት ናት። ስለዚህ እኔ አያት መሆኔ ነው፤ ማንም እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ገንፎ ባይበላልኝም።

ሰናይት እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተመረቀችና ሥራ እስኪገኝ ብላ እቤት ተቀመጠች። "ሥራ እስኪገኝ" የሚባለው ወቅት ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ልጅ ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆማ ትመጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ጥቁር እስክሪብቶ ይዛ ትስላለች። ምንድን ነው ብላት "ኮሚክ ነው፤ በሥዕል የሚነገር ታሪክ" አለችኝ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ በእኔ ጊዜ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ፊደል ላልለየ ልጅ ነበር። "ይሄኛው የትልቅ ሰው ነው እማዬ" አለች። ተቀብዬ አነበብኩት። እውነቷን ነው፤ የልጅ አልነበረም። ሌሊቱን እንኳ በቅጡ አላስተኛኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ገና ባልመጣ ዘመን ክዳን የምትባል ከተማ አለች። ከዳር እስከ ዳር በአንድ የቆርቆሮ ጣራ ተሸፍናለች። ሰዎቿ ሰማይ አይተው አያውቁም። የሚገዛቸው ሰው ባለ ጣራው ይባላል፤ "ከጣራው በላይ እሳት ነው፣ እኔ ከልዬላችሁ ነው" ይላቸዋል። በክዳን ትልቁ ወንጀል መስረቅ አይደለም፣ መግደልም አይደለም፤ ቀና ማለት ነው። አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ ያየ ሰው ይወሰዳል። ስለዚህ ሁሉም አቀርቅሮ ይሄዳል፤ የሚተዋወቁት በጫማ ነው። ካፊያ የምትባል አንዲት ልጃገረድ ብቻ ምስማርና ድንጋይ ይዛ ጣራው ላይ ትወጣለች፣ ትበሳዋለች። እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ አንድ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው የሚገባ አንድ ዘንግ ብርሃን፣ ከብርሃኑ ስር ደግሞ ምን እንደነካው ያልገባው አንድ ሰው ቆሞ ታያላችሁ። ዐመፁ ይኸው ነው።

"ከየት አመጣሽው?" ብላት ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። የቤታችን ጣራ ላይ ምስማር ለቆ የተወው ቀዳዳ አለ። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዛሬ ነገ እደፍነዋለሁ ሲል እሱ ራሱ ቀደመ። ፀሐይ ስትወጣ ሳንቲም የምታህል ብርሃን ወለሉ ላይ ትጥላለች፤ ሰናይት ሕፃን ሳለች እጇን ከስሯ ዘርግታ "ያዝኩት፣ ያዝኩት" ትል ነበር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያፈሳል። በእኛ አገር ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው፤ እኔም ከስሩ ሳፋ አስቀምጬ ኖሬያለሁ። ለካ እኔ ሳፋ ሳስቀምጥ እሷ ታሪክ ታጠራቅም ኖሯል።

አሳታሚ የላት፣ አከፋፋይ የላት። ስላ ስትጨርስ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኮፒ ቤት ታባዛዋለች፣ በስቴፕለር ትይዘዋለች፣ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያለች ታወጣዋለች። አንዱ ኮፒ በሚኒባስ ቴፒ ይሄዳል፤ ሲመለስ የቡና ነጋዴ ጣት አርፎበት፣ ዳር ዳሩ ላይ "በርቺ"፣ "ይሄ ባለ ጣራው የሚሉት ሰው አጎቴን ይመስላል" ተብሎ ተጽፎበት ይመለሳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይሄኛው ወረቀት ደግሞ የሚያገኘውን ሁሉ ይዞ የሚመጣ ሆነ።

የኮፒ ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ያጠቆረው፣ ያዛነፈው፣ ግማሹን ፊት የበላው ገጽ ይበዛል። የተበላሸውን ልትጥል ስትል እኔ ተቀበልኳት። ገበያ ውስጥ ኮረሪማ እሸጣለሁና መጠቅለያ ያስፈልገኛል። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ኮረሪማ የገዛችኝ ሴት ቤቷ ገብታ ስትፈታው ካፊያ ድንጋይ አንስታ ታገኛታለች። ድንጋዩ የት አረፈ? ያንን ለማወቅ ሌላ ኮረሪማ መግዛት ነው። እኔ ደግሞ እጄ ላይ የመጣውን እንጂ የሚከተለውን ገጽ መርጬ አልጠቀልል፤ አንዷ መጀመሪያውን፣ አንዷ መጨረሻውን፣ አንዷ መካከሉን ይዛ ትሄድና ታሪኩን የሚገጣጥሙት ማኅበር ላይ ሲገናኙ ነው። "ቆይ፣ መሰላሉን የወሰደባት ማን ነው?" "እሱ እኔ ጋ ነው፣ ከአዋዜው ጋር አስቀምጬዋለሁ።" ያን ዓመት የሚዛን ሴት የገዛችውን ኮረሪማ ቀቅላም ፈጭታም አትጨርሰውም። የአንዷ ባል "ምነው ሽሮው ሳይቀር ኮረሪማ ኮረሪማ አለኝ?" ብሎ አማረረ አሉ። ሚስቱ መልስ አልሰጠችውም፤ ወረቀቱን እያነበበች ነበር።

ደስታው እንዳለ ሆኖ ሥጋትም ነበረኝ። ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ፤ ሰው ወሬውን ግራ ቀኝ አይቶ የሚያወራበት ነበር። አንድ ቀን ከቢሮ የመጣ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ኮረሪማውን እያገላበጠ "ለመሆኑ ይሄ ባለ ጣራው ማን ነው?" አለኝ። "የኔ ጌታ" አልኩት፣ "የእኔ ቤት ያፈሳል፤ እኔ አይደለሁም።" ሳቀና ሄደ። እኔ ግን እስከ ማታ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቴ መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ጨመርኩ፤ "አምላኬ ሆይ፣ ለዚህች ልጅ ሥራ ስጣትና እስክሪብቶውን ከእጇ አስጥልልኝ" የምትል።

ካፊያን ከሁሉ አብልጠው የያዟት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ሥዕሉን ግን እንደ እሳቸው የሚያነበው የለም። ሴት ልጃቸው ዐረብ አገር ሰው ቤት ለመሥራት ሄዳ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ትደውል ነበር። ከበር እንደማያስወጧት፣ የምታየው ኮርኒስ ብቻ እንደሆነ፣ "እማዬ፣ ዝናብ ናፈቀኝ" እንዳለቻቸው ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ ድምጿ ጠፋ። እትዬ አስካለ ስለ ልጃቸው ማንንም አያናግሩም። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው "እንዴት አደረች?" ይሉኛል። ማለታቸው ካፊያን ነው። እኔም "ደህና አድራለች" እላለሁ። ምን ልበል?

ክፍል ስድስት ሲወጣ ካፊያ ተያዘች። መጨረሻው ገጽ ላይ እጇን ታስራ ባለ ጣራው ፊት ቆማለች፤ ምስማሯ መሬት ላይ ወድቋል። ከተማው ተረበሸ። ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ባጃጅ አቁመው የሚከራከሩ ሾፌሮች በዐይኔ አይቻለሁ።

በዚሁ መካከል ጸሎቴ ተሰማ። ሰናይት ማጂ መምህርት ሆና ተመደበች። እልል አልኩ፣ ስለቴን አስገባሁ፣ ብርድ ልብስ ገዛሁላት፤ ማጂ ደጋ ነው፣ እንደ እኛ አይደለም ብርዱ። የመንገዱ ጭቃ ትንሽ እስኪደርቅላት ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮረሪማውን እያጸዳን ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ "ሰባተኛው የመጨረሻው ነው። ትሞታለች" አለችኝ።

"ማን?"

"ካፊያ ናታ።"

"ምን አድርጋ?"

"ምንም አላደረገችም እማዬ። ማለቅ አለበት፣ ሥራ ይዣለሁ። ደግሞ እውነቱም እሱ ነው። እንደ እሷ ያለ ሰው አይተርፍም።"

ድምጿ ላይ እንባ አልነበረም፤ እውነቱን የነገረኝ ሌላ ነገር ነው። የተከፈተው ሻንጣዋ አጠገባችን ነበር። ብርድ ልብሱ አለ፣ መጻሕፍቱ አሉ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ አለ። እስክሪብቶዎቹ የሉም። ዐይኔን ሳዞር በፌስታል ተቋጥረው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል፤ ለዓመት በዓል ብቻ የሚወርድ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ። እናት የልጇን ሻንጣ ማንበብ ትችላለች፣ ለዚህ ስምንተኛ ክፍልም አያስፈልግም። የምትሞተው ካፊያ ብቻ አለመሆኗ ገባኝ። የሳንቲሟን ብርሃን "ያዝኩት" ስትል የነበረች እጅ ልትታጠፍ ነው።

እንግዲህ እዩት ጉዴን። "እስክሪብቶውን አስጥልልኝ" ብዬ የለመንኩ እኔ፣ ተሰጠኝ። የተሰጠኝን ሳየው አልፈለግኩትም። ጸሎት ደግሞ ገበያ አይደለም፣ ዕቃው አልተስማማኝም ተብሎ አይመለስም። "የምታውቀው አንተ ነህ" ብዬ ኮረሪማዬን ማጽዳት ቀጠልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ በአጥሩ ብቅ ብለው "እንዴት አደረች?" አሉኝ።

እኔ ዝም አልኩ።

በእግዚአብሔር ስም፣ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ግን ሚዛን ውስጥ ዝምታም ወሬ ነው። እትዬ አስካለ ፊቴን አዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሰምቷል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት እንዲሉ፣ አንዷ "በስቅላት ነው አሉ" ስትል፣ ሌላዋ "የለም፣ ከጣራው ላይ ወርውረዋት ነው" ትላለች። አሟሟቷን ሰናይት ራሷ እንኳ ገና አልወሰነችም ነበር።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን፣ ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ፊት የቆሙት የማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ማለት ነው፣ አባባ ተሰማ ናቸው፤ ሰባን አልፈው "ከዘራ የሽማግሌ ነው፣ እኔ ምን ሆኜ" የሚሉ ቀብራራ ሰው፤ ጥላቸውንም ለዝናብ እንጂ ለመደገፊያ አያደርጓትም። ቀጥሎ አቶ ያዕቆብ፤ ሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ቡና ያላቸው የቤንች ሰው፣ የሚጸልዩት በሌላ ቤት ነው፣ ጴንጤ ናቸው፤ ቢሆንም እሳቸው የሌሉበት እርቅ በከተማችን እርቅ አይባልም። ሦስተኛው ነጭ ቆባቸውን ያደረጉት ሐጂ ኑሩ፣ የኮፒ ቤቱ ባለቤት አባት። ከኋላቸው ደግሞ እትዬ አስካለ ከአንድ ጥላ ስር።

ያላገባች ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ሦስት ሽማግሌ ከመጣ ለምን እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ መልሼ አስተካከልኩ። የማን ልጅ ይሆን? የኮፒ ቤቱ ይሆን እንዴ? አይ፣ እሱ አግብቷል። ወደ ጓዳ ዞር ብዬ ሰናይትን "ፀጉርሽን" አልኳት በሹክሹክታ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኩ።

ገቡ፤ አልተቀመጡም። አባባ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "የሰናይት እናት፣ የመጣነው ስለ ልጅቷ ነው።"

"ልጅቷማ የናንተው ናት" አልኩ እንደ ወጉ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"እንግዲያው እሺ በይንና እንቀመጥ።"

"ምኑን አባባ?"

"እንዳትገደል።"

ይህን ሲሉ ሰናይት ማበጠሪያዋን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። እኔ ግራ ገብቶኝ እሷን አየሁ፣ እሷ እነሱን ታያለች። ነገሩ ቀድሞ የገባት እሷ ናት። ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

"አባባ" አለች፣ "ወረቀት እኮ ናት።"

"ወረቀትስ ብትሆን ፈጣሪዋ አንቺ አይደለሽም? ፈጣሪ ደግሞ ይለመናል።"

እኔ በልቤ አማተብኩ። ነገሩ ከሰው ቤት አልፎ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አልወደድኩትም።

አባባ ተሰማ ቀጠሉ። "ልጅቷ አላጠፋችም ልንል አልመጣንም። የሰው ጣራ መብሳት ጥፋት ነው። ካሳ ትካስ። ይቅርታ ትጠይቅ። እሱም፣ ባለ ጣራው የሚባለው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ይቅር ይበል። እርቅ የማይገባበት ነገር የለም። አንቺ ብቻ አገናኚን።"

አቶ ያዕቆብ እጃቸውን አነሱ። "አንድ ጊዜ፣ አባባ። በእኛ ዘንድ ምንጭ የሚዘጋ ሰው ካለ፣ የሚጠየቀው ሊቀዳ የመጣው አይደለም። ጣራው የማን ነው? ሰማዩንስ ማን ሰጠው?"

"ያዕቆብ፣ እኛ ለምልጃ ነው የመጣነው።"

"ምልጃ ነው። ግን ያላጠፋን ሰው ካሳ አስከፍሎ ምልጃ ምንድን ነው?"

"ሳንቀመጥ ልትጣሉ ነው?" አሉ ሐጂ ኑሩ። "እንግዲያው እኛንም የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይፈለግ።"

ሰናይት ማበጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀልዱ ከፊቷ ጠፍቷል። "እኔ ልግደላት ብዬ አይደለም" አለች። "በዚያ ከተማ ቀና ያለ ሰው ይተርፋል ብዬ ብስል ውሸት ነው። አልዋሽም።"

አባባ ተሰማ "አልዋሽም ብለሽ ሰው ትገድያለሽ?" አሏት።

ሰናይት ማበጠሪያዋን መልሳ አነሳች።

ያኔ ነው እትዬ አስካለ ከኋላ የተናገሩት። ሽማግሌ ባለበት ሴት አትናገርም የሚለውን ወግ እሳቸው ከማንም በላይ ይጠብቃሉ። "ልጄ፣" አሉ፣ "የኔዋን አድኑልኝ የምለው ሰው አላገኘሁም። ቤቱን አላውቀው፣ በሩን አላውቀው፣ የማንን ደጅ እጠናለሁ? የዚችን በር ግን አውቀዋለሁ። ጎረቤቴ ነው። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

ሰናይት አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ዝናቡ ቀደማት። የእኛን አገር ዝናብ የቆርቆሮ ጣራ ስር ሆኖ የሰማ ያውቀዋል። ሲመጣ መጥቻለሁ አይልም፤ ጨዋታም፣ ክርክርም፣ ልቅሶም ባለበት ይቆማል፣ ምክንያቱም ማንም ማንንም አይሰማም። ስድስት ሰው በአንዲት ጠባብ ክፍል ቆመን፣ አፋችንን ዘግተን፣ እስኪያባራ መጠበቅ ሆነ። እኔ ሳፋዋን ረስቻት ነበር። ከዚያች ቀዳዳ የወረደችው ጠብታ ሐጂ ኑሩ ቆብ ላይ ጠብ አለች። ሐጂ ቀና አሉ። ምን ሆኑ ብለው አቶ ያዕቆብ ቀና አሉ። አባባ ተሰማ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀና አሉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው ቀና አሉ። እኔም ያችን ለዓመታት የማውቃትን ቀዳዳ እንደ አዲስ አየኋት።

ዐይኔን ስመልስ ሰናይት ወደ ላይ አላየችም። እኛን ነበር የምታየው። አንገታችንን አቅንተን የቆምነውን፣ አንድ በአንድ፣ ከጫማ እስከ ፊት። እንደዚያ ያለ አተያይ የማውቀው ልትስል ስትል ነው። ወዲያው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች፣ ክንዷን ዘረጋች፣ ፌስታሉን አወረደች።

ዝናቡ ሲያባራ "እሺ" አለች። "ግን እናንተም ትገባላችሁ።"

"እንገባለን" አሉ አባባ ተሰማ፣ ወዴት እንደሆነ ሳይጠይቁ። እሺ ያለ ሰው ይመረቃል እንጂ አይመረመርም። ተቀመጡ፤ የሸኮ ጫካ ማር በዳቦ አቀረብኩ፤ አባባ መረቁ፣ አቶ ያዕቆብ ጸለዩ፣ ሐጂ ዱዓ አደረጉ። በሕይወቴ ያን ያህል ምርቃት የተቀበለ ወረቀት አላየሁም። እኔ ደግሞ ሳፋዋን አምጥቼ ከቀዳዳዋ ስር እያስቀመጥኩ፣ ለዚያች ለተመለሰችልኝ ጸሎት በልቤ ምስጋና አቀረብኩ። አይመለስም ብዬ ነበር አይደል? እንጃ። የሚመልሰው ያውቃል።

ክፍል ሰባት ሰናይት ማጂ ከሄደች በኋላ ወጣ። መጀመሪያ ኮፒ ቤቱ አንገራግሮ ነበር፤ "ይሄን ለማባዛት ፈቃድ የሚሰጥ ሰው አለ?" ብሎኝ ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ይዞ ገለጠ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አባቱን ከነቆባቸው አገኛቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ፈቃድ አላነሳም፤ ያችን ገጽ እንዲያውም አተልቆ ግድግዳው ላይ ለጠፋት።

ታሪኩ አጭር ነው። ካፊያ ታስራ ቆማለች። ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት የባለ ጣራውን በር ያንኳኳሉ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ይላቸዋል። "እሺ ሳትል አንቀመጥም። ልጅቷን ፍታ፣ ጣራውን ክፈት" ይላሉ። ካሳ የሚባለው ነገር እንደተነሳ አልቀረ፤ ከፋዩ ግን ራሱ ባለ ጣራው ሆኗል፣ የአቶ ያዕቆብ ቃል አሸንፎ። ባለ ጣራው ይስቃል። እሺ አይልም፤ እሱ እንደ እኛ ከተማ ሰው አይደለም፣ ሽማግሌ ቆሞ ሲያይ አንጀቱ አይላወስም። ገጹን ትገልጣላችሁ፤ ቆመዋል። ትገልጣላችሁ፤ አሁንም ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ ሰው መጥቶ ይቆማል፣ ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ይታለፋል ብሎ። ከዚያ ሌላ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ክዳን በሙሉ ቆሟል። አንዲት ጠብታ ወርዳ ነጭ ቆብ ላይ አርፋለች፣ ሰው ሁሉ ቀና ብሏል፣ ካፊያም ከነታሰረ እጇ እያየቻቸው ነው። አልሞተችም። አልተፈታችምም። ሰናይት ዋሽታ አላዳነቻትም፤ እውነቱን ብላም አልገደለቻትም።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ አበቃ ብሎ እስክሪብቶ ማስቀመጥ አይቻልም። ሰው አቁሞ መሄድ ነውር ነው። ስልክ ስትደውልልኝ "ብርዱ እንዴት ነው?" እላታለሁ፤ "ጣቴን ያደነዝዘዋል፣ መስመሬ ይንቀጠቀጥብኛል" ትለኛለች። ስለ መስመሯ ስታማርር ደስ ይለኛል።

ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ የገባቸው ካነበቡት በኋላ ነው። አቶ ያዕቆብ ገበያ አገኙኝና እስኪያስላቸው ሳቁ። "ላስታርቅ ሄጄ ዐመፀኛ ሆኜ ተመለስኩ የሰናይት እናት፤ ሚስቴ 'በስተርጅና' ትለኛለች" አሉ። እትዬ አስካለ የመጨረሻውን ገጽ አልጋቸው ራስጌ ሰቅለውታል፤ ጠዋት ጠዋት ሲጠይቁኝ መልሴ ተለውጧል፤ "ቆማለች፣ ቆመዋል" እላለሁ። እሳቸውም "እኔም አለሁ" ይላሉ።

አባባ ተሰማ ናቸው ያስቸገሩኝ። ሙሴ ናቸውና ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር ባለፉ ቁጥር "አባባ፣ አልተቀመጡም እስካሁን?" ይላቸዋል። ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አስቆሙኝ።

"የሰናይት እናት፣ ልጅሽ መቼ ነው የምታስቀምጠን? እግሬ ዛለ እኮ።"

"ባለ ጣራው እሺ ሲል ነው አባባ። ሕጉ የናንተው ነው።"

ወደ መሬት አዩ። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ሰው እንዳይሰማቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እንግዲያው በሚቀጥለው ክፍል ከዘራ ትሣልልኝ በያት።"